የምድር ባቡሩ ጡረተኛ

«እሱንስ ምን እናድርገው?» ስትል ነው የነቃሁት። ሚስቴ ኒዕማት ናት። ከወንድሟ ከባቢኪር ጋር ግቢው መሃል ቆመው ከጎረቤት የተዋሷቸውን ወንበሮች ይደረድራሉ፤ እኔ በረንዳው ላይ በጠፍር አልጋዬ አንሶላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተጋድሜያለሁ። መጀመሪያ ስለ አሮጌው ማቀዝቀዣ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ሳሎኑን አጣቦ ሲያጓራ የሚውል ነው፤ ይውጣ አይውጣ እየተባባሉ ሁለት ቀን ተጨቃጭቀውበታል። ባቢኪር ጉሮሮውን ጠረገና «ዝም ብሎ ይቀመጥ። ካልጠየቁት አይናገር። ከጠየቁት ደግሞ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ ይበል፤ ውሸት አይደል» አለ። ለካ ማቀዝቀዣው እኔ ነኝ።

ውሸትማ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት በምድር ባቡር መጋዘን ብሎንና ምስማር ቆጥሬያለሁ፤ ጡረታዋም ትንሽ ብትሆን በየወሩ ትመጣለች። ግን ሠላሳ አራት ዓመት ደግሞ ዘፍኛለሁ። ኦምዱርማን ውስጥ እኔ ያልዘፈንኩበት ሰፈር አለ ከተባለ ገና ያልተሠራው ሰፈር ነው። ስሜ ሲር ኸቲም ነው፤ በዚህ ስም የሚያውቀኝ ግን የጡረታ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ወድ ሱራ ነኝ፤ የሱራ ልጅ ማለት ነው። ሱራ እናቴ ናት። አባቴ እኔ ሳልወለድ ስለሞተ ሰፈሩ በእሷ ስም ጠራኝ፣ እኔም ስሟን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። እሷም እስክትሞት ድረስ ስሟ በሬዲዮ በተጠራ ቁጥር የምትከናነበውን የቶቧን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር። አሁን እህትና ወንድሙ፣ ማለቴ ሚስቴና ወንድሟ፣ ከአሥራ አንዱና ከሠላሳ አራቱ የትኛው ሰው ያደርጋል ብለው መከሩና ብሎኑን መረጡልኝ።

ተነስቼ ወደ መኝታ ክፍላችን ስገባ አውታሩን እየደረደርኩ የምዘፍንበት ዑዴ ከምስማሩ ላይ የለም። ግድግዳው የስንት ዓመት አቧራ ጠጥቶ ጠይሟል፤ ዑዱ የተሰቀለበት ቦታ ብቻ በራሱ ቅርጽ ልክ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፣ ሆዱም አንገቱም። ኒዕማት ከኋላዬ መጥታ ጎረቤታችን ሐሊማ ቤት መሆኑን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር እንዳስገባችው፣ ነገ ጠዋት በሰላም እንደሚመለስ ነገረችኝ፤ ለአንድ ቀን ጎረቤት ስለተላከ ሕፃን የምታወራ ነበር የምትመስለው። ከዚያ የመካ ሥዕል ያለበትን የቀን መቁጠሪያ አምጥታ ነጩ ላይ ሰቀለች። ሆዱን ሸፈነው፣ አንገቱ ግን ከላይ ብቅ ብሎ ቀረ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። «ማንም እዚህ ክፍል አይገባም» አለችና ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ከዓስር ሶላት በኋላ ሐጅ ፈድሉላ የሚባል የወድ መዳኒ ነጋዴ ልጄን ተይሲርን ለልጁ ለሃይሰም ሊጠይቅ ይመጣል። ተይሲር ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መድኃኒት ቀማሚ ጠይቋት ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንዲት አክስቱ እኔን አንድ ሠርግ ላይ ስዘፍን አይታኝ ኖሮ «እንዴ፣ የዘፋኝ ልጅ ናትኮ!» ብላ አወራች። በሳምንቱ ስልካቸው ጠፋ። ተይሲር አንድ ወር ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ሰላም ብላኝ ወደ ክፍሏ ትገባ ነበር። አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችብኝም፤ ሰላም ብላኝ ትገባለች። ብትጮህብኝ ኖሮ ወላሂ ይሻለኝ ነበር። ሃይሰም ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃል። አንድ ላቦራቶሪ ነው አብረው የሚሠሩት፤ እኔ ራሴ የረሳሁትን ዘፈኔን ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና መሬት መሬቱን እያየ ለመነኝ። አባቱ ደግ ነው፣ ግን የድሮ ሰው ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ዝም ልበል፤ ኒካሁ ይታሰር፣ ከዚያ እሱ ራሱ ቀስ አድርጎ ይነግረዋል። ልጁን ወደድኩት። እሺ አልኩት። ለአንድ ቀን አፍ መዝጋት ለልጅ ምን ያህል ነገር ነው?

ማድ ቤት ስገባ ተይሲር ሎሚ ትጨምቃለች። እጆቿ የእናቴ እጆች ናቸው፣ ረጃጅም። የሆነ ነገር እንድትለኝ ፈልጌ በሩ ላይ ቆምኩ፤ «ይቅርታ አባ» ብትል «ግድ የለም» ልላት አዘጋጅቻለሁ፣ «ዝም በልልኝ» ብትልም ያው «ግድ የለም» ነበር መልሴ። «ሻይ ልስጥህ?» አለች ቀና ሳትል። ውጭ እጠጣለሁ አልኳት። ሎሚውን ቀጠለች፣ እኔም ጫማዬን ፍለጋ ሄድኩ። ከቤት ያስወጣኝ ኒዕማት ናት፤ ልብስ ተኩስ ቤት የተሰጠውን የባቢኪርን ጀለቢያ አምጣ፣ ጺምህን ተስተካከል፣ ቶሎም አትመለስ፣ ሳሎኑ እየታጠበ ነው አለችኝ። የእኔ ጀለቢያ አንገቱ ጋ ተበልቷል። የባቢኪር ትከሻ ደግሞ ከኔ ትከሻ በአንድ ስንዝር ይበልጣል።

አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። እዚህ አገር አውቶቡስ ላይ «ወራጅ አለ» ብሎ የሚጮህ የለም፤ የሚጮኸው ጣት ነው። ረዳቱ ሒሳብ ሲፈልግ ጣቱን ጆሮህ ሥር ቀጭ ያደርጋል፤ አንተም መውረድ ስትፈልግ እጅህን ሰቅለህ ቀጭ ታደርጋለህ፣ ሹፌሩ ይቆማል። ያው ጣት ሠርግ ላይም አለ። ሰው ዘፈንህ ልቡን ሲነካው ከመቀመጫው ተነስቶ ይመጣና ጭንቅላትህ ላይ እጁን ሰቅሎ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርግልሃል፤ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ጣቱን ሲያጮህልኝ ኖሬ አሁን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ወራጅ ሲል ቀና እላለሁ። ዛሬ አንድ ወፍራም ሰውዬ አለ፣ ጣቱ ሰነፍ ነው፣ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚያርፈው። ረዳቱ ቀጭ ቀጭ፣ ሰውዬው ከኋላ ዘግየት ብሎ ቀጭ። እሷ መዘግየት ናት ዜማ። ልክ ላይ የሚያርፈውን ሁሉ ማሽንም ያደርገዋል፤ ዘግይቶ ማረፍ ግን የሰው ነው፤ ልቡ የከበደው ሰው ወይም የጠገበ ሰው ነገር። እግሬ ሳላዘው የአውቶቡሱን ወለል መምታት ጀመረ። ጉልበቴን በእጄ ያዝኩት። ገና ከአሁኑ ተለማመድ አልኩ ለራሴ፣ ከሰዓት በኋላ ይሄ እግር ያዋርደናል።

ተኩስ ቤቱ አምስት ፓውንድ አለኝ፤ ባለፈው ወር ሦስት ነበር። ጺም አስተካካዩ ደግሞ አሥር። ወንበሩ ላይ አስቀምጦኝ እንደ ሼኽ ላድርግህ ወይስ እንደ ሰው ብሎ ቀለደብኝ፤ እንደ ጡረተኛ አድርገኝ አልኩት። የጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በመፍቻ እየደበደበ ያልፋል። ከጎኑ ካሴት ቤት የነበረው አሁን የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ ደጁ ላይ ያስቀመጠው ድምፅ ማጉያ ግን የድሮው ነው፣ ከሱም የዛሬ ልጆች ዘፈን ይወጣል። ኪቦርድ ብቻ። አንድ ኪቦርድ አምስት ሰው በልቷል፤ ቫዮሊኑን፣ አኮርዲዮኑን፣ ከበሮውን፣ ባሱን፣ ዋሽንቱን። እነዚያ አምስት ሰዎች አሁን የት እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ ዘበኛ ነው፣ አንዱ የትንባሆ መደብር አለው፣ ሦስቱ አፈር ውስጥ ናቸው። ልጆቹን አልጠላም፤ ድምፅ ያላቸው አሉ። ግን አንዳቸውም ሲዘፍኑ ዘግይተው አያርፉም፣ ማሽኑ አይጠብቃቸውማ።

ከልቱማ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ከኑባ ተራሮች የመጣች ወፍራም ሴት ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ሻይዋ ግን ይቅር ያሰኛል። ስኳሩን ስታማስል ማንኪያዋ የብርጭቆውን ጎን ሁለቴ ቀስ፣ ሦስተኛውን ጠንከር አድርጎ ይመታል። ይቺን ምት ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በፊት ሰርቄ የአንድ ዘፈን መግቢያ አድርጌያታለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ ስቀመጥ ሁሌ «ሌባው መጣ» ትላለች። ዛሬ ጺሜን አይታ ማን ሞተ፣ ወይስ ልታገባ ነው አለችኝ። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ማቀዝቀዣውን፣ ምስማሩን፣ የባቢኪርን ሰፊ ጀለቢያ። እንድትናደድልኝ ነበር የፈለግሁት፤ የሚናደድልኝ አንድ ሰው ፈልጌ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት ማለት ይቻላል። እሷ ግን ሳቀች።

«ኡስታዝ፣ አንተኮ ሞኝ ነህ» አለች። «ደንብ አስከባሪዎቹ ሲመጡ እኔ ምን የማደርግ ይመስልሃል? ማንቆርቆሪያዬን ለዚያ ሱቅ እሰጥና እዚቹ በርጩማ ላይ ሻይ ልጠጣ እንደመጣች ሴት እቀመጣለሁ። ‹ሻይ ሻጯ የት ሄደች?› ይሉኛል፣ ‹እኔም እየጠበቅኋት ነው› እላለሁ። ሲሄዱ ደግሞ ከልቱማ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ከልቱማ ባልሆን ምን ጎደለብኝ?»

ምንም አልኳት። ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳችልኝና ሒሳብ አልቀበልም አለች። እውነቷን ነው ብዬ ተነሳሁ፤ ነገር ግን ምሳሌዋ ለኔ የሚሆን አልመሰለኝም። ከልቱማ ማንቆርቆሪያዋን የምትደብቀው ከጠላት ነው። እኔ የምደበቀው ሊወዱኝ ከሚመጡ ሰዎች ነው። በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ ጀለቢያውን እንዳይጨማደድ በሁለት እጄ ዘርግቼ፤ መንገደኛውም በሽተኛ የያዝኩ ይመስል ገለል እያለ አሳለፈኝ።

ቤት ስደርስ ሳሎኑ ታጥቦ መጋረጃው ተቀይሯል። ማቀዝቀዣው በመጨረሻ ሳይወጣ ቀርቷል፤ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ጥጉን ይዟል። የኔ ወንበር ከጎኑ ነው። ባቢኪር አስቀመጠኝና እንደ ተማሪ ፈተነኝ፦ ስንት ዓመት አገለገልክ፣ አትባራ ጣቢያ ነበርክ ወይስ ባሕሪ፣ አለቃህ ማን ይባል ነበር። ሁሉንም መለስኩ። ጣቶቼን አየና ፊቱን ቋጠረ። ዑድ የሚመታ ሰው ጣት ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም፤ ጉልበቴ ላይ ሳላስበው ይርመሰመሳል። ኒዕማት ሄዳ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያላት ረዥም የጸሎት መቁጠሪያ፣ ሙስበሐ፣ አምጥታ ቀኝ እጄ ላይ ጠቀለለችልኝና «በዚህ አጫውታቸው» አለች። ስታጠልቅልኝ ጣቶቼን ትንሽ ጨበጥ አደረገቻቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ እነዚህን ጣቶች ብላ ነው ያገባችኝ፣ ከቤተሰቧ ጋር ተጣልታ። ቀና ብላ አላየችኝም። በዚያ ሰፊ ጀለቢያ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣና በግድግዳ መሃል ተቀምጬ የራሴን ቤት በር እንግዳ ሆኜ እጠብቅ ጀመር።

አምስት ሽማግሎች መጡ። ነጭ በነጭ፣ ጥምጣማቸው በወጉ የተጠመጠመ፣ አንዱ በትር ይዟል። ስኳሩን በጆንያ፣ ተምሩን በካርቶን አስገቡ። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሐጅ ፈድሉላን ቁጡ፣ ቀጭን፣ ግንባሩን የቋጠረ ሰው አድርጌ ነበር የሳልኩት፤ እሱ ግን ከነሆዱ ከነሳቁ የሚገባ ግዙፍ ሰውዬ ነው። እጄን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ። አጠገብህ ካልተቀመጥኩ ብሎ ወንበር አስቀየረ። የምድር ባቡር ሰው መሆኔን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ሕፃን ሳለ አጎቱ ባቡር ነጂ ነበርና አንዴ ሞተሩ ውስጥ አስገብቶት ያውቃል። ስለ መጋዘን ጠየቀኝ። ምን ልበላችሁ፣ ተናገርኩ። ስለ ብሎን ዓይነት፣ ከሐዲዱ ሥር ስለሚጋደመው እንጨት፣ ስለ ቅባት ሽታ አወራሁለት፤ እሱም አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ባቢኪር ከወዲያ ሆኖ በዓይኑ ጎሽ ይለኛል። ሰውዬው ደስ አለኝ። ቢያስጠላኝ እንዴት ቀላል ይሆን ነበር።

የመጡበትን ጉዳይ ባለ በትሩ ሽማግሌ በወጉ አነሳ፣ ባቢኪርም በወጉ መለሰ። ስምምነቱን የሚያጸናው የቁርኣን ምዕራፍ፣ ፋቲሐው፣ ከመቀራቱ በፊት ስለ ሠርጉ ወሬ ተጀመረ። ሐጅ ፈድሉላ ሠርጉ መዳኒ ይሁን አለ፣ እኛም አልተቃወምንም። ቀጥሎ ስለ ዘፋኝ ተነሳ። የዛሬ ልጆች ኪቦርድ ይዘው እንዳይመጡብኝ፣ ጆሮዬን ያመኛል አለ። ሳላስበው ራሴን ነቀነቅኩለት። «የኔን ሠርግ ብታዩ!» አለ ወደኔ ዞሮ። «የናንተው የኦምዱርማን ልጅ ነው የዘፈነው፣ ወድ ሱራ። ታውቁታላችሁ መቼም።»

እሱ ሲተርክ እኔም አስታወስኩ። እንደኛ ወግ ሙሽራውን በዘፈን አጅበው ወደ ዓባይ ይወስዱታል፣ ፊቱን የወንዙን ውሃ ያስነኩታል። ዘፋኙ ከፊት ነው፣ ፊቱን ወደ ሙሽራው አዙሮ የኋሊት ነው የሚሄደው። ያን ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዙ ዳር ደረስን፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስዘፍን መቆሙን ረሳሁና የኋሊት ውሃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ወገቤ። ዑዱን ከራሴ በላይ ሰቀልኩት፣ ዘፈኑን ግን አላቋረጥኩም። ያ ሁሉ ሰው ከነልብሱ ተከትሎኝ ገባ። ሙሽራው ቀጭን ልጅ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ቆሞ ጭንቅላቴ ላይ ጣቱን እያጮኸ ያለቅስ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬ የወፍ ጎጆ ያህላል፣ አንድ ሥጋ የለኝም። አሁን ራሴ ተመልጧል፣ ጺሜ ነጭ ነው፣ መነጽሬ ወፍራም ነው። እሱም እንደዚያው ከዚያ ቀጭን ልጅ ምንም አልቀረውም። እንዴት እንተዋወቅ!

«እናቴ ያን ቀን ምን እንዳለች ታውቃለህ?» አለኝ ሐጅ። «‹የዛሬውን ከሰማሁ ከእንግዲህ ጆሮዬን ቢደፍኑት አልቀየምም› አለች። በሕይወት ካለ እሱን ነው ለሃይሰም የማመጣው። ታሞም ቢሆን አሸክሜ አመጣዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልናገር ነበር። ይሄ ሰው ይወደኛል፣ ከሚስቴ ወንድም የበለጠ ይወደኛል፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል የሚያውቀኝ እሱ ነው ብዬ አሰብኩ። ሙስበሐው ከጣቴ ላይ ተንሸራቶ እጄ ላይ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ ባለ በትሩ ሽማግሌ ሳቅ እያለ «እንደዚህ ከወደድከውማ የሱን ልጅ ነበር ለሃይሰም መጠየቅ» አለው።

ሐጅ ፈድሉላ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አስተግፊሩላህ! ዘፋኝ ለሠርጉ ነው እንጂ ለዝምድናም ይሆናል ማን አለህ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ እንደሚያወራ ሰው ነው ያለው። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ባቢኪር ነው። እኔም ፈገግ አልኩ፣ አፌን ዘጋሁ፣ ሙስበሐዬን ወደ ጣቴ መለስኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የሴቶቹ ክፍል ፀጥ ብሏል። ኒዕማት እዚያ ናት፣ ልጄም እዚያ ናት።

«አልነገራችሁኝም እኮ» አለ ሐጅ እንደገና፤ ቀልዱን ትቶ ከልቡ ነው የሚጠይቀው። «አንድ ከተማ ናችሁ። የት ነው የሚገኘው?»

እኔ «አላውቅም» ልል ነበር። ባቢኪር እውነቱን እንዳልናገር ፈራ መሰለኝ፣ ቀደመኝ። «ሞቷል» አለ። «አላህ ይዘንለት። ዓመትም አለፈው።»

ሐጅ ፈድሉላ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ሁሉ ጠፋ። «ወይኔ! ማንም ሳይነግረኝ?» አለ፤ ከዚያ ሁለት እጆቹን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋና «አል-ፋቲሐ» አለ። በኛ ዘንድ ሰው ለሞተ ሰው እጁን ዘርግቶ ፋቲሐ ሲል እጁን ጭኑ ላይ የሚተው የለም። ሟቹን ባታውቀው ትዘረጋለህ፣ ጠላትህም ቢሆን ትዘረጋለህ። አራቱም ሽማግሎች ዘረጉ። ባቢኪርም ዘረጋ፣ አሁን ነው ያለውን የሰማው። የስድስቱም ሰው መዳፎች ወደ ሰማይ ሆነው የኔን ይጠብቃሉ። ዘረጋሁ። ፋቲሐውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀራሁ፣ አንድም ቃል አልዘለልኩም። እናቴ ታወሰችኝ፤ የቶቧን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ። አሚን ብለን ፊታችንን አበስን። ሐጅ ሲያብስ እንባውንም አብሮ አበሰ።

«ታውቀው ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሰፈራችን አንድ ነው» አልኩት።

«ዘፈኑንስ አውቃለሁ፤ እንደ ሰውስ፣ ጥሩ ሰው ነበር?»

«ቤተሰቡን ይወድ ነበር» አልኩት። ድምፄ እንዲህ ሲጎረንን ሰምቼው አላውቅም። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፣ በባቢኪር ትከሻ ልክ የተሰፋው ባዶ ጨርቅ ላይ። ያኔ ነው ቀስ በቀስ የገባኝ። ጠዋት ለአንድ ቀን ነበር። ሃይሰም ቀስ አድርጎ ይነግረዋል የተባለው፣ አሁን ምኑን ነው የሚነግረው? ፋቲሐ የቀራህለት ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ነበር ይበለው? እነዚህ ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ ዘመዶቻችን ናቸው፤ በዒድ ይመጣሉ፣ ለልጅ ልጅ ስም ማውጣት ይመጣሉ፣ ሲታመሙ እዚህ ከተማ ለሕክምና ይመጣሉ፣ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው። ዑዱ ከሐሊማ አልጋ ሥር ወጥቶ ምስማሩ ላይ ሊመለስ አይችልም። አንድ ሠርግ ላይ ብዘፍን፣ ካሉት እንግዶች አንዱ የመዳኒ ሰው ቢሆን፣ ልጄ የውሸታም ልጅ ሆና ከባሏ ቤት ትወጣለች። ከልቱማ ማንቆርቆሪያዋን ከሱቁ ትቀበላለች። እኔን ግን ቀበሩኝ፣ በገዛ እጄ።

ባለ በትሩ ሽማግሌ አሁን ለደስታው ብሎ እጁን ዘረጋ። ሁለተኛው ፋቲሐ ተቀራ፣ ተይሲር ለሃይሰም ተሰጠች። ከመጋረጃው ወዲያ እልልታው ዘግይቶ ተነሳ፣ መጀመሪያ የአንድ ሴት ብቻ፣ ከዚያ የሁሉም። ሎሚው መጣ፣ ተምሩ ዞረ። ሐጅ ፈድሉላ ዓይኑ ገና ቀልቷል፣ ግን ደስ ብሎታል፤ ልጃችንን ጥሯት፣ ዓይኗን ልየው አለ።

ተይሲር ገባች። አዲሱን ቢጫ ቶብ ለብሳለች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ የሐጅን እጅ ያዘች፤ እሱም እራሷ ላይ እጁን ጭኖ መረቃት፣ ሃይሰም ከሚገባው በላይ አገኘ ብሎ ቀለደ። ሌሎቹንም በየተራ ሰላም አለች። ለባቢኪር ስትደርስ አልፋው ሄደች። ትወጣለች ስንል ወደኔ መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች፣ በጣም ቀርባ። ዓይኖቿ አብጠዋል። ከዚያ ሁለት እጆቿን፣ እነዚያን ረጃጅም እጆቿን፣ ሐዘንተኛ ቤት ገብታ የሟች ባለቤት ፊት እንደምትቆም ሴት ዘረጋችልኝ።

«አል-ፋቲሐ፣ አባ» አለች።

«ማሻአላህ!» አለ ሐጅ ፈድሉላ ከጎኔ፣ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «አስተዳደጓን አያችሁ? ለአባቷ ሰፈርተኛ እንኳ ሐዘን ታውቃለች።»

ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል፣ እጆቿን ግን ለማበስ አላወረደቻቸውም። እኔም ዘረጋሁላት። ከኔ በፊት ጨርሳ እንዳትጠብቀኝ ብዬ ነበር የቸኮልኩት፤ እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል ቀስ እያለች ቀራች፣ እኔም ዘግይቼ አብሬያት ቀራሁ። ፊቷን ስታብስ ፊቴን አበስኩ።